ሳላየው የወጣሁት የፊልም መጨረሻ

ስዩሜ፣

ከተለያየን ስምንት ዓመት ከሁለት ወር አለፈን። ደብዳቤ እየጻፍኩልህ መሆኔን ብትሰማ ከት ብለህ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ሱዳን ሳለህ ለጻፍክልኝ ሰባት ደብዳቤ አንድ መልስ ብቻ የላክሁ፣ እሱንም ግማሹን እህቴ የጻፈችልኝ ሚስትህ ነኝ። ዘንድሮ ግን ለሌላ ሰው የማይነገር ነገር ሆዴ ውስጥ ገብቷል። ለልጃችን ለሊያ ልነግራት ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ፣ ሁለቴም ስለ ልብስ ማጠቢያው አወራሁ። ስለዚህ ለአንተው ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። አሁንም እዚያው ፍራንክፈርት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። አንተ በኩሽናው መስኮት ቆመህ ሻይህን እየጠጣህ የምታየው የጭነት ባቡር ሜዳ ግን ድራሹ ጠፍቷል። ኦይሮፓፊርቴል ብለው አዲስ ሰፈር ሠሩበት። ዝገትና ሣር በነበረበት አሁን ነጫጭ ሕንፃ፣ የመስታወት በረንዳ፣ በመስመር የተተከሉ ቀጫጭን ዛፎች አሉ። ከብዙዎቹ መስኮቶች በስተጀርባ ሰው አይቼ አላውቅም፤ መብራቱ ግን በሰዓቱ ይበራል፣ በሰዓቱ ይጠፋል።

ሊያ ሃያ ዓመት ሆናት። ቁመቷ ያንተ፣ ምላሷ የእኔ ነው። እኔ በአማርኛ ስቆጣት በጀርመንኛ ትመልስልኛለች፤ እሷ ስትቆጣኝ ግን በአማርኛ ነው፣ ያውም ጥርት ባለ አማርኛ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ፊልም ትማራለች። ፊልም ማየትም ትምህርት ሆነ ወይ ብዬ ጠየቅኳትና ሦስት ቀን ሙሉ አኮረፈችኝ። አንተ ብትኖር ኖሮ ሁለታችሁም በአንድ ላይ ታኮርፉኝ ነበር።

ሊፍቱንም ልንገርህ፣ ምንም እንኳ አንተ ሳታውቀው አትቀርም ብዬ ብጠረጥርም። ቅዳሜ ቅዳሜ ኖርድኤንድ ሰፈር ካለችው ትንሽ ሲኒማ ቤት ሥራህን ጨርሰህ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ትገባ ነበር። አንተ ከሞትክ በኋላም ቅዳሜ አንድ ሰዓት ሲሆን ሊፍቱ ማንም ሳይጠራው ወደ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። በሩ ይከፈታል። አንድ ሰው ዕቃውን ይዞ ለመውረድ የሚበቃውን ያህል ክፍት ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ይዘጋል። የሕንፃው ተቆጣጣሪ፣ ሃውስማይስተሩ፣ ሦስት ጊዜ መጥቶ መረመረውና ምንም ብልሽት የለውም አለኝ። የቤተ ክርስቲያን ጉባኤያችን ሙት ይመለሳል ብሎ አያስተምርም፤ እኔም አላምንም። ግን ቅዳሜ አንድ ሰዓት ሲደርስ የማማስለውን ትቼ፣ የቤቱን በር ገርበብ አድርጌ እቆም ነበር። ለምን አሁን እንደማልቆም ኋላ ላይ እነግርሃለሁ።

ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት የለጠፍካቸው ሁለት የጋዜጣ ቁራጮችም አሉ። ቢጫ ሆነዋል። ሊያ ወተት ባወጣች ቁጥር እነሱን እያየች ነው ያደገችው። ሁለቱም ስለዚያች የፈረንሳይ ፊልም የተጻፉ ሂሶች መሆናቸውን ከእኔ የበለጠ አንተ ታውቃለህ። የዓለም ዋንጫው እዚህ የተካሄደበት በጋ አልቆ መኸር ሲገባ ነበር ሲኒማ ቤታችሁ ያመጣት። ሳምንቱን ሙሉ ሆኽስት ፋብሪካ ውስጥ የላብራቶሪ ብርጭቆ ስታጥብ ትከርምና ቅዳሜ ስትሆን ያንን ግራጫ ኮትህን ለብሰህ ትኬት ልትቆርጥ ትሄዳለህ። ለመቁረጥ ብቻ ሳይሆን ለማየትም ነበር የምትሄደው። ያቺን ፊልም አራት ጊዜ አየሃት።

እኔ ሲኒማ ቤት ገብቼ ስለማላውቅ ቤት መጥተህ ትተርክልኝ ነበር። ጀርመኖች ፓሪስን ሊይዙ ሲቃረቡ ሚኒስትሩ፣ ነጋዴው፣ ተዋናይቱ ሁሉ ሻንጣውን መኪና ላይ ከምሮ ወደ ደቡብ ይሸሻል። አንድ የባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ይታጨቃሉ። አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ይዘጋል፤ ሚስት ስትገባ ውሽማ በመስኮት ይወጣል። እዚህ ስትደርስ እኔ እንዳላፍር ብለህ ትዘለዋለህ። ከሁሉ አብልጠህ የምትስቀው ግን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ በሚያነበው ሰውዬ ነበር፤ የሆቴሉ ባለቤት ነው አልከኝ። ምኑ ያስቃል ስልህ እንባህ እስኪመጣ ትስቅና ትተወዋለህ። ሚስቱን ስታዪያት ትገረሚያለሽ፣ መጨረሻውን ግን አልነግርሽም፣ ራስሽ ታይዋለሽ ብለህ ትዘጋዋለህ።

ከሳቁ ይልቅ ልብሱ ነበር ልብህን የወሰደው። ሁሉም እየሸሹ ሸሚዛቸው ተተኩሷል፣ ባርኔጣቸው አልተጣመመም። ይህ ደግሞ የአንተ ታሪክ ነው። ሱዳን ስትሻገሩ ሌላው ውሃ ሲሸከም አንተ የከሰል ካውያ ተሸክመህ ነበር። መንገደኛው ሁሉ ሲያላግጥብህ ቆይቶ፣ ድንበር ላይ ያገታችሁን ወታደር ሱሪ ተኩሰህለት ነው ያለፋችሁት። ይህን ታሪክ ለጀርመኖች ስትነግራቸው ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር፤ እኛ ግን እየተንከባለልን እንስቅ ነበር።

ለዚያ ነው አንደኛው ሃያሲ ደምህን ያፈላው። ልብሱና መኪናው ያማረ፣ ውስጡ ግን ባዶ የሆነ ፊልም ነው፣ አገር እየተያዘ መሳቅ ነውር ነው ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው ሃያሲ ግን አወደሳት፤ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የሳቅንበትን ሁሉ ይገለብጡታል፣ ምን እንደሆነ ግን አልናገርም ብሎ ተወው። እኔ ጀርመንኛ ስለማልችል መርጠህ መርጠህ ነው ያነበብክልኝ። ሰውዬው ሸሽቶ አያውቅም፣ የሸሸ ሰው እንዲህ አይልም እያልክ መዝገበ ቃላትህን ዘርግተህ ለጋዜጣው መልስ መጻፍ ጀመርክ።

ሳትጨርሰው የታላቅ ወንድምህ ሕመም መጣ። ማክሰኞ ዕለት ወደ አዲስ አበባ ተነሳህ። ስመለስ አብረን እናያታለን አልከኝ። ጉባኤው ምን ይለኛል እያልኩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስግደረደር ቆይቼ እሺ ያልኩህ ኤርፖርት ውስጥ፣ ሻንጣህን ካስረከብክ በኋላ ነው። ደስ ብሎህ ኮሌታህን አስተካከልክ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁህ ያኔ ነው።

ሐሙስ ጠዋት የቤቱ ስልክ ጮኸ። ሃሎ ብል የሚመልስ የለም። መስመሩ ግን አልተዘጋም። ከሩቅ፣ ትልቅ ጋዜጣ ሲገለጥ እንደሚሰማው ያለ ኮሽታ ነበር፤ ይገለጣል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይገለጣል። ስዩም ብዬ ጠራሁ። ሦስተኛው ገጽ ከተገለጠ በኋላ ተዘጋ። ልብህ የቆመው በዚያች ሰዓት ገደማ እንደሆነ ያወቅኩት ኋላ፣ ሰዓቱን ከወንድምህ ቤት ሰዎች ጠይቄ ነው።

ወጋችንን ታውቀዋለህ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ባለቤቱ እንቅልፉን ተኝቶ ከተነሳ በኋላ ነው የሚነገረው። ፍራንክፈርት ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ሐሙስ ማታ የጉባኤው ሰዎች ተመካክረው ዓርብ የብዙዎቹ የሥራ ሺፍት ስለማይመች ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ይሁን አሉ። እስከዚያ ድረስ እኔን የመጠበቁ ሥራ ለእህት ሮማን ተሰጣት። ሮማንን አትረሳትም፤ ጉባኤ ውስጥ ወንበር የምትደረድረው፣ ዘምሪ ካሏት የማታቆመው ትልቋ ወዳጄ።

ሮማን ሥራዋን በትጋት ያዘች። ሐሙስ ማታውኑ ሊያን ከልጆቼ ጋር ትጫወት ብላ ወሰደቻት። ዓርብ በማለዳ መጥታ የስልኩን ገመድ ነቀለች፣ ከጀርባው ላጽዳ ብላ። አዲስ አበባ የምደውልበትን ካርድ አብቅቷል ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ደግሞ ነገ ለቅሶ ሲሰማ ጎረቤት ፖሊስ እንዳይጠራ ብላ ከታች ላሉት አሮጊት ጀርመናዊት ሄዳ ሁሉን ነገረቻቸው። አሮጊቷ ደግ ሴት ናቸው። የእኛን ወግ ከየት ይወቁት? እኩለ ቀን ላይ አንድ ነጭ አበባና አንድ ነጭ ሻማ ይዘው በሬን አንኳኩ። ሁለት እጄን ያዙ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። አንድ ነገር ሊሉኝ ሲጀምሩ ሮማን እጇ ሳሙና እንደሆነ ከኩሽና ተስፈንጥራ ወጥታ በዚያ በተሰባበረ ጀርመንኛዋ፣ ዛሬ የልጅቷ ጌቡርትስታግ ነው፣ ልደቷ ነው አለች። አሮጊቷ እኔን አዩ፣ ሮማንን አዩ፣ ወደ ኋላቸው እየሄዱ ደረጃውን ወረዱ። ሻማውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። የሊያ ልደት በሚያዝያ ነው። ሮማንም ታውቃለች፣ ኬኩን የምትጋግረው እሷ ናት። ሁለታችንም ምሳችንን በላን።

ከምሳ በኋላ ሮማን ፊልም እንይ አለችኝ። ሲኒማን የዓለም ደጅ እያለች የምታወግዘዋ ሮማን! የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ የኡ-ባን ፌርማታ ላይ ማስታወቂያውን አይታ ኖሯል፤ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ጉንጯ ላይ እንባ አለ፣ ከኋላዋ የጦር አውሮፕላን። የሐዘን ፊልም መሰላት። ጨለማ ውስጥ ከተቀመጥን መንገድ ላይ የሚያገኘን ሰው አምልጦት አይነግረኝም፣ እኔም በሰው ሐዘን አልቅሼ ልቤ ይለሰልሳል፣ ነገ አይሰብረኝም ብላ ነው። ይህን ሁሉ ከዓመት በኋላ እያለቀሰች ነገረችኝ። እኔ ማስታወቂያውን ሳይ ያንተ ፊልም መሆኗን ወዲያው አወቅኩ። ሲኒማ ቤቱም ያንተው ነው። እሺ አልኩ። ልብሴን ልቀይር ብዬ ገብቼ ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ። የታጠበ እሱ ብቻ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሮማን ስታየኝ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አዳራሹ ውስጥ ሰባት ሰው ቢኖር ነው። ወደ ስድስተኛው ረድፍ ሄድኩ፣ ምክንያቱም የመተላለፊያው ዳር ያለችውን ወንበርህን አውቃታለሁ። የዕቃ ጠላት ናት ስትላት ሰምቻለሁ፤ ስፕሪንጓ ከመጠንከሩ የተነሳ ቦርሳ እንኳ ቢጫንባት አንስታ ትጥለዋለች፣ ሰው ካልተቀመጠባት ወርዳ አትቆይም ትለኝ ነበር። ስንደርስ ወርዳ ነበር። ማንም አልተቀመጠባትም። ከእሷ ቀጥሎ ያለውን ያዝኩ፣ ሮማን በሌላው ጎኔ ተቀመጠች። መብራቱ ሲጠፋ እጄን ልኬ ዳበስኳት። ትሞቃለች።

ጋዜጣ አንባቢው ሰውዬ ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። ሞቷል፣ ስዩሜ። ፊልሙ በተጀመረ በሩብ ሰዓት ጋዜጣውን እንደያዘ ይሞታል። መሞቱ ከተሰማ ሆቴሉ ይታሸጋል፣ ስደተኛው ሁሉ ሜዳ ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ እንግዶቹ ይደብቁታል። በየቀኑ አዲስ ከረባት ያስሩለታል፣ ጥቁር መነጽር ያደርጉለታል፣ ተሸክመው በረንዳ ላይ ያስቀምጡታል። ያልነገሯት ሚስቱን ብቻ ነው። እሷ በየማለዳው ሌላ ባርኔጣ አድርጋ ትመጣና ስለ እንግዶቹ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ዝምታው ትነዘንዘዋለች። እሱ ጋዜጣውን ይዞ ዝም። እንግዶቹ ከየበሩ ሥር ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጣሉ።

ሳቅኩ። ዝም ብዬ ፈገግ አላልኩም፤ ሆዴን ይዤ፣ ትንፋሼ እስኪያጥረኝ ሳቅኩ። በዚያች ሴት ነበር የሳቅኩት፣ የባሏን መሞት ከአገር ሁሉ ተለይታ ባላወቀችው ሴት። ከጎኔ፣ ወርዳ ከቆየችው ወንበር በኩል፣ ያንን በአፍንጫህ የምትስቀውን ሳቅ የሰማሁ መሰለኝ። ዞር አላልኩም። በስተግራዬ ሮማን መጀመሪያ የሳቀች መስሎኝ ነበር። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሚስትየዋ ለባሏ እግር በረዶ በባልዲ አምጡለት ብላ አዳራሹ ሲያውካካ ሮማን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ራሴን አመመኝ፣ በጌታ ስም እንውጣ ብላ ክንዴን ይዛ አስነሳችኝ። በሩ ላይ ሆኜ ወደ ኋላ ተመለከትኩ። ወንበሯ እንደወረደች ናት።

ጎህ ሲቀድ መጡ። በየደረጃው የቆመው ሰው ጫማውን አውልቆ ነበር፣ ጎረቤት እንዳይነቃ ብሎ። የዚያ ሁሉ ሰው ጫማ በር ላይ ተደርድሮ ማየቴ ይታወሰኛል። ፓስተሩ እህታችን ሲለኝ ጮህኩ። ከታች ያሉት አሮጊት ማንንም አልጠሩም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ አላየኸውም። ሮማንን ዓመት ሙሉ አላናገርኳትም፤ ከዚያ ታረቅን። ራሴን ግን ይቅር ማለት አልቻልኩም። ባሌ ሬሳ ቤት ተኝቶ እኔ ሲኒማ ቤት ገብቼ በሬሳ ሳቅኩ። ይህን ነገር እያሰብኩ ስንት ጊዜ ከእንቅልፌ እንደተነሳሁ አልነግርህም። የመጀመሪያው ሃያሲ ልክ ነው እል ነበር፤ ነውር ነው። ያኛውን ቁራጭ ማቀዝቀዣው ላይ ፊት ለፊት፣ የሚያወድሰውን ከሥሩ አደረግኩ። ጠዋት ስነሳ የሚያወድሰው ከላይ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሊያ ናት እንዳልል እሷ ሁልጊዜ ከእኔ በኋላ ነው የምትነሳው። ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ ነገር ተጨቃጨቅን፣ እኔና አንተ።

ዘንድሮ ሊያ ለዩኒቨርሲቲዋ የምታቀርበው ጽሑፍ አላት። ርዕሱን ሲሰጧት ያደገችባቸውን ሁለት ቁራጮች አሰበች፤ ያቺ ፊልም ስትወጣ ሃያሲዎች እንዴት እንደተቀበሏት ልጻፍ አለች። የዚያን ዓርብ ነገር አታውቅም። ወረቀቷን ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ታነብልኛለች፤ እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ስለዚህ ዓይኔ እንባ ቢያቀርርም አያስጠረጥርም። ያኔ ግማሹ ሃያሲ አዋርዷት ነበር፣ በየዓመቱ ግን ወዳጇ እየበዛ መጣ አለችኝ። ከዚያ ስለ እኛው ሰውዬ፣ ስለዚያ ደምህን ስላፈላው ሃያሲ፣ አንድ ነገር አገኘች። ከዓመታት በኋላ ራሱ ጽፎታል፤ ያኔ ባቡር እንዳያመልጠው መጨረሻውን ሳያይ ነበር የወጣው። በኋላ መጨረሻውን አይቶ የጻፈውን ሁሉ መልሶ ዋጠ። ይህን ስሰማ ቢላው ከእጄ ወደቀ። ሊያ፣ "ማማ፣ አሌስ ጉት? ደህና ነሽ?" አለችኝ። ሽንኩርቱ ነው አልኳት።

ግራጫ ኮትህ ኪስ ውስጥ የነበረውን ያላለቀ ደብዳቤህንም አወጣሁላት። ጀርመንኛህ እንደ ኮትህ አይደለም፣ ብዙ ቦታ ተጨማድዷል አለችኝ እየሳቀች። አንብባ ስትጨርስ ግን አልሳቀችም። ሰው ሲሸሽም ይስቃል፣ የሚስቀው ስላልገባው አይደለም ብለሃል። ከዚያ፣ ሚስትየዋ ብለህ ጀምረህ አቁመሃል።

ያቺ ሲኒማ ቤት የድሮ ማሽኗን ልታወጣ ነው። ከመውጣቱ በፊት የቆዩ ፊልሞችን ለመጨረሻ ጊዜ ስታሳይ ያንተዋንም መረጠቻት። ሊያ ዓርብ ከጓደኞቿ ጋር አየቻት፤ እኔ ቅዳሜ ብቻዬን ልሂድ አልኳት። ያለፈው ቅዳሜ፣ አሥር ሰዓት ላይ። ትኬት የምትሸጠው ልጅ አሥራ ስምንት ዓመትም አይሆናት፣ አንተን አታውቅም። ቀና ብላ እኔን አየች፣ ከትከሻዬ በላይ ወደ ኋላዬ አየች፣ ሁለት? አለችኝ። አዎ አልኩ። ሁለት ቆረጠችልኝ።

ወንበርህ ወርዳ ነበር። በዚህ ጊዜ አልደነገጥኩም። መሀረቤን አውጥቼ አቧራዋን ጠረግኩላት።

በዚህ ጊዜ ሳልስቅ አየሁ፣ ስለዚህ ያኔ ያላየሁትን አየሁ። ሚስትየዋ በየማለዳው ስትመጣ ወንበሩን ከፀሐይ ወደ ጥላ ታስጎትታለች። በረዶውን ለእግሩ ሪህ ነው ብላ ታዛለች። ጋዜጣው ሲያዘነብል ሰው ሳያያት ታቃናለች። እጁን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አትነካም። መጨረሻው ላይ ጀርመኖች ይደርሳሉ፣ እንግዶቹ ሁሉ እግሬ አውጪኝ ይላሉ፣ በረንዳው ባዶ ይሆናል። ያኔ አጠገቡ ትቀመጣለች። ጋዜጣውን ከእጁ ወስዳ ታጥፈዋለች። መነጽሩን ታወልቅለታለች። ከመጀመሪያው ማለዳ ጀምሮ ታውቅ እንደነበር ለእሱ ትነግረዋለች። ከዚያ ባርኔጣዋን አውልቃ ታለቅሳለች።

እኔም አውቅ ነበር፣ ስዩሜ።

ያልነገርኩት ነገር ይኸው ነው። ሐሙስ ጠዋት ስልኩ ሲዘጋ አወቅኩ። ሮማን ገመዱን ስትነቅል ለምን አላልኳትም። ካርዱ አዲስ እንደነበር አውቃለሁ፣ የገዛሁት እኔ ነኝ። የአሮጊቷን ሻማ ለሊያ ልደት ነው ብሎ ማን ያምናል? ጥቁር ቀሚሴን ማንም ሳያዘኝ ለበስኩ። ሮማን እኔን ትጠብቃለች፣ እኔ ደግሞ አንተን እጠብቃለሁ። አፌን አውጥቼ ከጠየቅኩ ትነግረኛለች፣ ከነገረችኝ ሞተሃል። ካልጠየቅኩ ግን እስከ ቅዳሜ ጎህ ድረስ አዲስ አበባ ወንድምህ አልጋ አጠገብ ተቀምጠሃል፣ ኮሌታህ ተተኩሷል። ስለዚህ አልጠየቅኩም። ስምንት ዓመት ሙሉ ሳታውቅ የሳቀች ሴት አድርጌ ራሴን ስወቅስ ኖርኩ። እያወቀች የሳቀች ሴት መሆኔን ለማየት ግን አቅም አልነበረኝም። አንተ አራት ጊዜ ያየሃት ለምን እንደሆነ፣ መጨረሻውን ለምን እንዳልነገርከኝ አሁን ገባኝ አልልም። አንተም ያኔ የምትሞት አይመስልህም ነበር። ግን ደብዳቤህ ላይ ሚስትየዋ ብለህ ያቆምክበትን ቦታ እኔ ልጨርስልህ እችላለሁ።

ያቺ ሴት ባርኔጣዋን ስታወልቅ ከጎኔ ጧ የሚል ድምፅ መጣ። ወንበርህ ታጠፈች። ከፊቴ የነበሩት ሁለት ሰዎች ሰው የወጣ መስሏቸው ዞር አሉ። እኔም ወደ በሩ ዞርኩ። የበሩ መጋረጃ አንዴ ተወዝውዞ ቆመ።

ቤት የደረስኩት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አንድ ሰዓት ሲሆን እንደ ልማዴ በሩን ገርበብ አድርጌ ቆምኩ። ሊፍቱ አልመጣም። አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ። ሃውስማይስተሩ እንኳ በመጨረሻ ተሠራልሽ ብሎ ደስ ይለዋል። እኔ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪሰማ። ከታች ያሉት አሮጊት በጣም አርጅተዋል፤ በርጩማቸውን ይዘው ወጥተው፣ አጠገቤ አስቀምጠው ተቀመጡ። ከስምንት ዓመት በፊት ሊሉኝ የነበረውን ያን ጊዜ አሉኝ። እኔም እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኳቸው።

ሊያ ጽሑፏን አስረክባለች። ከሃያሲዎቹ ዝርዝር መጨረሻ ላይ ያንተን ስም ጽፋለች፣ ከነአባት ስምህ፤ ያላለቀ ደብዳቤ ብላ። መምህሯ ይህ ሰው ማነው ብሎ ጠየቃት። አባቴ ነው፣ ፊልሟን ከሁሉም ቀድሞ የተረዳት እሱ ነው አለችው። እኔ እሷን ቁጭ አድርጌ የቀረውን ልነግራት ነው፤ አንተ ካነበብከው በኋላ፣ ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ። ሁለተኛዋን ትኬት ማቀዝቀዣው ላይ ከሁለቱ ሂሶች መካከል ለጥፌያታለሁ። የሚያወድሰውን ራሴ ከላይ አደረግኩት፣ አሁን የሚነካው የለም።

ፊትህን እረሳለሁ ብዬ እፈራ ነበር፤ አሁን አልፈራም። ያቺን ዓርብ ይዤልሃለሁና። መርዶው በሬ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ከጉባኤውም ከሮማንም ከሞትም ደብቄ አንድ ቀን ጨመርኩልህ። ያቺንም ቀን አብረን እየሳቅን አሳለፍናት።

ዘነበችህ